አስተማሪ የማሰናበት ልምምድ

ጋሽ ምክሩ፦ በ«ይቅርታ» አይጀመርም አልኩህ። ይቅርታ ያለ ሰው ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። አንተ ምን አጠፋህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ምንም አላጠፋሁም።

ጋሽ ምክሩ፦ ታዲያ ለምን ይቅርታ ትላለህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ይቅርታ፣ ጋሼ።

[ነገሩ የሚካሄደው በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። የሚሽከረከር ወንበር አንድ፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወት አንድ፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው የተዘጋጀ አግዳሚ አንድ። አግዳሚው ላይ ማንም የለም። ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ግን ጋሽ ምክሩ ተንደላቀው ተቀምጠዋል። ሁሌም እዚያው ናቸው። የሚቆረጥ ፀጉር ካጡ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሚሰጡት ምክር ግን አያልቅባቸውም፤ ሰፈሩም ይህን ስም ያወጣላቸው ለዚህ ነው። የፀጉር ቆራጩ ሚስት ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤት ውስጥም ቢሆን የፀሐይ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ ጣታቸው ላይ አንዲት ቁልፍ በቀለበቷ ትሽከረከራለች። ፀጉር ቆራጩ ጥግ ላይ ቆሞ የጸዳውን ማሽን እንደገና ያጸዳል። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው ይሉታል፤ እሱም አይከራከርም። ዛሬ ጭንቁ አንድ ነው። መኪና መንዳት የሚያስተምረውን ሰው ጠልቶታል፤ «በቃኝ» ሊለው ይፈልጋል፤ ይሉኝታ አፉን ይዞታል። ሰውዬው ደግሞ ሊወስደው እየመጣ ነው።]

ጋሽ ምክሩ፦ በምስጋና ነው የሚጀመረው። ታመሰግነዋለህ፣ ልቡ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስልህ ታሰናብተዋለህ። ይህን ማን ያጣዋል?

ፀጉር ቆራጩ፦ ባለፈው እንደሱ አደረግኩ እኮ። እርስዎ እንዳሉኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ እና?

ፀጉር ቆራጩ፦ «መምህር፣ እንደርስዎ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም» አልኩት። ልቡ ለሰለሰ።

ጋሽ ምክሩ፦ አየህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ በጣም ለሰለሰ። «እንግዲያው በሳምንት ሁለት ቀን የነበረውን አራት አድርጌልሃለሁ» አለኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ ምስጋናውን አብዝተኸዋል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ትንሽ ነው ያልኩት። እንባዬ ነው ያስቸገረኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ ምን አስለቀሰህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ አራት ቀን ሲለኝ። እሱ የደስታ መስሎት አቀፈኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ አይ አንተ። ቆይ ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ምን ቢያደርግህ ነው? ይሳደባል?

ፀጉር ቆራጩ፦ አይሳደብም።

ጋሽ ምክሩ፦ ይጠጣል?

ፀጉር ቆራጩ፦ ኧረ አይጠጣም። ጉዳይ አለው።

ጋሽ ምክሩ፦ የምን ጉዳይ?

ፀጉር ቆራጩ፦ የራሱ ጉዳይ ነዋ። ማክሰኞ አማቱን ክሊኒክ አደረስን። ሐሙስ ከክሊኒክ መለስናት። ቅዳሜ መድኃኒቷን ረስታው ኖሮ እሱን ልናመጣ ሄድን። ከዚያ ደግሞ እህቱ ቤት ቀየረች። መኪናው ጣሪያ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አለ አይደል? ሰሌዳው ላይ ፍራሽ ጭነንበት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሹፌር ነው ብሎ ይሰድበኛል። ለማጅነቴ እንኳን አልታወቀልኝም።

ጋሽ ምክሩ፦ መንገድ መልመድ እኮ ጥሩ ነው።

ፀጉር ቆራጩ፦ ለምጃለሁ። የአማቱን ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። ሌላ ቦታ ግን ሂድ ቢሉኝ አላውቅም። ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ ጨርሶ አላስተማረኝም።

ጋሽ ምክሩ፦ ለምን አትጠይቀውም?

ፀጉር ቆራጩ፦ ጠየቅኩት። «ጉዳያችን ያለው ወደ ፊት ነው» አለኝ። አንድ ቀን የአማቱን በር ለጥቂት አልፌ ቆምኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «መለስ በል» ይላል። እሱ ሰፈሩን በሙሉ አስዞረኝ። መሃል ላይ አማቱ ሰልችቷት ወረደች። ዞረን ስንደርስ ልብሷን ቀይራ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ጋሽ ምክሩ፦ [እየሳቁ] ታዲያ ወደ ኋላ መንዳት ለምን ይሆንሃል? ሰው ወደ ፊት ነው የሚሄደው።

ፀጉር ቆራጩ፦ ይኸው እርስዎም እንደሱ አሉ። ጋሼ፣ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። ሆስፒታል እየሄድኩ የተኙትን ሰዎች ላስተካክል ቃል ገብቼ የለም? ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው አለ፤ ጺሙ እያደገ ሲሄድ ራሱን መስታወት ውስጥ ማየት ትቶታል። መሣሪያዬን የምጭንባት አሮጌ ቫን ተገኝታለች። የሆስፒታሉ መግቢያ ግን ጠባብ ነው፤ መዞሪያ የለውም። ገብተህ የምትወጣው በኋላ ማርሽ ብቻ ነው። ካልቻልኩ እዚያው ገብቼ መቅረቴ ነው።

ጋሽ ምክሩ፦ አልጋ ይሰጡሃል።

ፀጉር ቆራጩ፦ እህትዎ ሌላ አስተማሪ አግኝታልኛለች። ሴትዮ ናት። ገና ከመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ነው አሉ የምታስነዳው። ድምፅዋንም አትጨምርም። ነገ ና ብላኛለች።

ጋሽ ምክሩ፦ ታዲያ ሂዳ። ማን ያዘህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ሰውዬው ደንበኛዬ ነው እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ወንበር ላይ ጺሙን እላጨዋለሁ። ወንድሞቹም፣ ልጆቹም፣ የሥራ ባልደረቦቹም እኔው ጋ ናቸው። አማቱ ብቻ ናት የማትመጣው። ቢቀየመኝ ግማሽ ሰፈሩን ይዞብኝ ነው የሚሄደው።

ጋሽ ምክሩ፦ አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ የሚተኛልህን ሰው ትፈራለህ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ምላጭ ስይዝ ነው የባሰ የምፈራው። እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ምክሩ፦ እንጀራህ መቁረጥ ሆኖ፣ አንድ ነገር ቆርጠህ አለማወቅህ ይገርመኛል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ሌላም አለ። ምትክ ይፈልጋል።

ጋሽ ምክሩ፦ የምን ምትክ?

ፀጉር ቆራጩ፦ የሱ ደንብ ነው። ተማሪ አቋርጦ የሚሄደው በቦታው ሌላ ሰው አምጥቶ ነው። «የኔ መሪ ሳይጨበጥ አይውልም» ይላል። ልብስ ሰፊው የሚስቱን ወንድም ሰጥቶ ወጣ። የሚስቱ ወንድም ዳቦ ጋጋሪውን ሰጠ። ዳቦ ጋጋሪው እኔን ሰጠ።

ጋሽ ምክሩ፦ ዳቦ ጋጋሪው ነው ያስገባህ? ምን ብሎ?

ፀጉር ቆራጩ፦ «ግሩም አስተማሪ አለልህ» ብሎ። ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ለኔ ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ምክሩ፦ አይ የዋህ። አንተስ አንተ ነህ። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ዘሎ የሚገባ ሌላ ቂል ከየት ይገኛል?

ፀጉር ቆራጩ፦ እሱን ነው የማስበው፣ ጋሼ።

[በሩ ገርበብ አለ። ፀጉሩ ጆሮውን የሸፈነ አንድ ጎልማሳ አንገቱን አስገባ፣ ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ አየ፣ በሩን እንደ ሕሙም ቤት በር ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋ። ጋሽ ምክሩ አላዩም። ፀጉር ቆራጩ በመስታወቱ ውስጥ አየው።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ደንበኛ ነበር።

ጋሽ ምክሩ፦ ይመለሳል። እኔን ስማኝ። ምስጋና ካልሠራ ሕመም ታመካኛለህ።

ፀጉር ቆራጩ፦ አመካኝቻለሁ። እርስዎው ነዎት ያሉኝ። «ወገቤን ያመኛል» አልኩት።

ጋሽ ምክሩ፦ እሺ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ትራስ አመጣልኝ። አማቱ በእጇ የሰፋችው፣ አበባ ያለበት። ያውልዎት መደርደሪያው ላይ። አሁን በሄድን ቁጥር «እጅዎ ይባረክ» ማለት ተጨመረብኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ እንግዲያው «አገር ልለቅ ነው» በለው።

ፀጉር ቆራጩ፦ ቅዳሜ ጺሙን ሊላጭ ሲመጣስ?

ጋሽ ምክሩ፦ «ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሄዷል» ትለዋለህ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ማን ነው የሚለው? እኔ ሄጃለሁ እኮ።

ጋሽ ምክሩ፦ አንተ ነሃ፣ ወንድምህን ሆነህ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ወንድሜ ጢም አለው።

ጋሽ ምክሩ፦ ታሳድጋለህ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ለቅዳሜ አይደርስም። ደግሞ ጢም ሲያድግ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ሥራዬ አይደለም እንዴ?

ጋሽ ምክሩ፦ ወይ ጣጣ። ልብ ታወልቃለህ። ና፣ እንለማመድ። እኔ አስተማሪው ልሁን፣ አንተ አንተው ሁን።

ፀጉር ቆራጩ፦ እኔ የት ልቀመጥ?

ጋሽ ምክሩ፦ መሪው ጋ።

ፀጉር ቆራጩ፦ መሪው ጋ እርስዎ ተቀምጠዋል።

[ጋሽ ምክሩ ከወንበሩ ተነሡ። በዚህ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ዘወትር አይታይም። አግዳሚውን ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ፀጉር ቆራጩ በገዛ ወንበሩ ላይ እንደ እንግዳ ጫፉን ይዞ ተቀመጠ፤ የፀጉር ማጠቢያውን ሳህን መሪ አድርጎ ያዘ።]

ጋሽ ምክሩ፦ [ድምፃቸውን አወፍረው] ደህና አደርክ?

ፀጉር ቆራጩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር። አማትዎ ደህና ናቸው?

ጋሽ ምክሩ፦ [በራሳቸው ድምፅ] አማቱን ምን አመጣት?

ፀጉር ቆራጩ፦ እሷን ሳልጠይቅ ሞተር አናስነሣም።

ጋሽ ምክሩ፦ ዝለላት። ወደ ነገርህ ግባ።

ፀጉር ቆራጩ፦ መምህር፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ...

ጋሽ ምክሩ፦ [ስሜቱ መጣላቸው፤ ደረታቸውን ነፉ] ከዛሬ ጀምሮ ምን? ይህን ሁሉ ደክሜልህ? እንደ አባት ሆኜልህ? እስቲ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ከዛሬ ጀምሮ... አርብንም እንጨምርበት ብዬ ነው።

ጋሽ ምክሩ፦ ኧረ በሕግ አምላክ።

ፀጉር ቆራጩ፦ አስደነገጡኝ እኮ ጋሼ። ቁርጥ እሱን መሰሉኝ።

ጋሽ ምክሩ፦ [ደስ ብሏቸው] መሰልኩ?

ፀጉር ቆራጩ፦ በጣም። ዓይኔን ብጨፍን ለይቼ አላውቅዎትም።

ጋሽ ምክሩ፦ እንግዲህ የተሰጠ ነገር ነው። በል ተነሥ። አሁን እኔ አንተን ልሁን፣ አንተ እሱን ሁን። እንዴት እንደሚባል እይና ልብ በል።

[ቦታ ተቀያየሩ። ጋሽ ምክሩ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የተፈታ እስረኛ ደስታ ታየ። ሳህኑን ጨበጡ። ፀጉር ቆራጩ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፤ የደንበኛ ጨርቅ አንሥቶ አራገፈ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ መጀመሪያ ቀበቶ።

[ጨርቁን አልብሶ አንገታቸው ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረው።]

ጋሽ ምክሩ፦ አነቀኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እሱም እንዲህ ነው የሚያስረው። ወንበሩ ዝቅ ብሏል፣ ቆይ ላስተካክልልህ።

[የወንበሩን መርገጫ ደጋግሞ ረገጠ። ጋሽ ምክሩ እየተነቃነቁ ወደ ላይ ወጡ፤ እግራቸው ማረፊያ አጣ።]

ጋሽ ምክሩ፦ መምህር፣ በቅድሚያ ስለ ድካምዎ...

ፀጉር ቆራጩ፦ መስታወት።

ጋሽ ምክሩ፦ ምን?

ፀጉር ቆራጩ፦ መስታወት ሳታይ ምንም ነገር አትጀምርም።

ጋሽ ምክሩ፦ አየሁ። መምህር፣ በቅድሚያ...

ፀጉር ቆራጩ፦ ፍሬቻ። ወዴት ነው የምትታጠፈው?

ጋሽ ምክሩ፦ አልታጠፍም። ልወጣ ነው።

ፀጉር ቆራጩ፦ ለመውጣትም ይበራል። ምልክት ሳያሳይ የሚወጣ ሰው ባለጌ ነው።

ጋሽ ምክሩ፦ እሺ አበራሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ ጋር የነበረን...

ፀጉር ቆራጩ፦ ፍሪሲዮን ርገጥ።

[ጋሽ ምክሩ በቀኝ እግራቸው አየሩን ረገጡ። ፍሪሲዮን የግራ እግር ሥራ ነው፤ ፀጉር ቆራጩ እግራቸውን አየ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ፍሪሲዮን ነው ያልኩት።

[በሁለቱም እግራቸው ረገጡ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ጋሼ፣ እርስዎ መኪና ይነዳሉ አይደል?

ጋሽ ምክሩ፦ ይነዳሉ ትላለህ? እኔ በጉብዝናዬ ያልነዳሁት ምን አለ? የተውኩት ሰዉ መንዳት እያቃተው ስለሄደ ነው። እንደዚያ ካለ ሰው ጋር በአንድ መንገድ አልሄድም ብዬ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ያቺ ጣትዎ ላይ ያለችው ቁልፍስ?

ጋሽ ምክሩ፦ መለዋወጫ ናት።

ፀጉር ቆራጩ፦ የቁም ሣጥናችንን ቁልፍ ትመስላለች። እህትዎ ከጠፋባት ቆየ።

ጋሽ ምክሩ፦ ቁልፍ ሁሉ ይመሳሰላል። አታዘናጋኝ። በቀኝ የረገጥኩት አንተን ሆኜ ስለሆነ ነው። የማያውቅ ሰው ሆኜ ነው የምሠራው፤ ሞያ ነው ይሄ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ለካ። እኔ አልገባኝም ነበር።

ጋሽ ምክሩ፦ አይገባህማ። አሁን አታቋርጠኝ። መምህር፣ በቃኝ። ከዛሬ ወዲህ እርስዎ ጋ አልማርም። ይኸው። አለቀ። ምን ይከብዳል?

ፀጉር ቆራጩ፦ [የአስተማሪውን ድምፅ ዝግ አድርጎ] እሺ፣ ልጄ። ግን ምን አጠፋሁ? በግልጽ ንገረኝ፤ አልቀየምም።

ጋሽ ምክሩ፦ በግልጽ ልናገር?

ፀጉር ቆራጩ፦ በግልጽ።

ጋሽ ምክሩ፦ አንደኛ ነገር፣ ማንም ሳይጠይቅዎ ያስተምራሉ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እሺ።

ጋሽ ምክሩ፦ ሰው አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ ከአፉ ይቀማሉ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እሱም አለ።

ጋሽ ምክሩ፦ በሰው የሥራ ሰዓት የራስዎን ነገር ይሠራሉ። አንዴ ከተቀመጡ መነሣት የለም። እርስዎ ካሉ ሌላ ሰው ዝር አይልም። ሰውም ይሉኝታ ይዞት ዝም ሲል ደስ ያለው ይመስልዎታል።

[ፀጉር ቆራጩ ወደ ወንበሩ ፊት ዞረ። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ሊናገር ሲፈልግ የኖረውን ነገር ሌላ ሰው፣ ያውም ነገሩ የሚመለከታቸው ጋሽ ምክሩ ራሳቸው፣ ቃል በቃል ሲናገሩለት ሰማ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለእርስዎ ቢነገርዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ ምክሩ፦ እኔ? አመሰግናለሁ እንጂ ምን እላለሁ። ጨዋ ሰው ፊት ለፊት ሲነገረው ይቀበላል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ተቀብሎስ ምን ያደርጋል?

ጋሽ ምክሩ፦ ተነሥቶ ይሄዳላ።

[ፀጉር ቆራጩ ጠበቀ። ጋሽ ምክሩ እግራቸውን አጣጠፉና ተመቻችተው ተቀመጡ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ እሱ ግን አይሄድም። እንዲህ ተዘርዝሮ እንኳን ቢነገረው፣ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ምክሩ፦ እንደዚያ ካለ ደረቅ ሰው ጋር ንግግር አያዋጣም።

ፀጉር ቆራጩ፦ ታዲያ እንዴት ነው የሚሰናበተው?

ጋሽ ምክሩ፦ በክብር። ካለበት ወንበር የተሻለ ወንበር ታሳየዋለህ። «የሚገባህ እዚያ ነው» ትለዋለህ። አንተ ሂድ ሳትለው እሱ ተሯሩጦ ይሄዳል። ሲሄድ እንደውም ላንተ አዝኖ ነው።

ፀጉር ቆራጩ፦ እንዴት ያለ ምክር ነው።

ጋሽ ምክሩ፦ የዕድሜ ልክ ልምድ ነው። በነጻ ነው የሰጠሁህ።

[ውጭ ክላክስ ጮኸ። ረጅም፣ ጉዳይ ያለበት ሰው ክላክስ ነው። ፀጉር ቆራጩ መጥረጊያ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ፎጣ አነሣ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ መጣ። ጋሼ፣ እኔ አልችልም። ፊቱን ካየሁ አርብን እጨምራለሁ።

ጋሽ ምክሩ፦ ተረጋጋ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እርስዎ ቢነግሩልኝስ? ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ይከብዳል። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል?

ጋሽ ምክሩ፦ እሱስ ልክ ነህ። አውርደኝ።

[ወንበሩ ፍፍፍ እያለ ወረደ። ጋሽ ምክሩ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ ሳህኑን አስረከቡ፣ ጨርቁን ከአንገታቸው መፍታት ረስተው እንደ ሹመት ካባ እየጎተቱት ወጡ። ፀጉር ቆራጩ በመስኮቱ ጥግ ተለጠፈ። ጋሽ ምክሩ ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አነሡ። አስተማሪው በአክብሮት ከመኪናው ወረደ፣ እጅ ነሣ፣ የሆነ ነገር ተናገረ። የጋሽ ምክሩ ጣት በአየር ላይ ቆየች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ። ብዙም ሳይቆዩ ጋሽ ምክሩ ተመልሰው ገቡ።]

ጋሽ ምክሩ፦ ተፈጸመ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ተቀየመኝ?

ጋሽ ምክሩ፦ ማን? እሱ? አንተ ሰው መመዘን አታውቅም እኮ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለህ። ገና አፌን ሳልከፍት «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ከማን ሰምቶ ይሆን?

ጋሽ ምክሩ፦ ስም አይደበቅም።

ፀጉር ቆራጩ፦ ስለኔስ ምን አለ?

ጋሽ ምክሩ፦ ስላንተ? እ... አዎ፣ መሃል ላይ አንስተንሃል። ግድ የለም ብሏል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ምትክ አልፈለገም?

ጋሽ ምክሩ፦ የምን ምትክ? ነገር ታጋንናለህ። ምትክ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰውዬው የጎደለው ሌላ ነው። «ማስተማሬን አይቶ የሚያርመኝ፣ የሚያማክረኝ ትልቅ ሰው አጥቻለሁ» አለኝ። ሲናገር አሳዘነኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እና እሺ አሉት?

ጋሽ ምክሩ፦ ምን ላድርግ? የተማረ ሰው ዝቅ ብሎ ሲለምን አልችልም። አሁኑኑ አብሬው ወጣ ብዬ አየዋለሁ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ከኋላ ተቀምጠው?

ጋሽ ምክሩ፦ ከኋላ ሆኖ ምን ይታያል? መሪው ጋ ሆኜ ነው የምታዘበው። የማስተማሩ ጉድለት ከዚያ ነው ጎልቶ የሚታየው፤ እሱው ራሱ ነው ያለኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ በሳምንት ስንት ቀን ነው?

ጋሽ ምክሩ፦ አራት አለኝ። አርብንም ጨምርበት አልኩት።

ፀጉር ቆራጩ፦ [ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ] ጋሼ፣ እኔስ? ሱቁ ያለ እርስዎ ምክር ምን ይሆናል?

ጋሽ ምክሩ፦ አታልቅስ። የማውቀውን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ። አሁን ደግሞ ለሌላው ልድረስለት፤ አትሰስት።

ፀጉር ቆራጩ፦ እንግዲያው ትራሱን ይያዙ። ለወገብዎ።

ጋሽ ምክሩ፦ ምን ያደርግልኛል... አምጣው እስቲ። እንደውም አማቱ የክሊኒክ ቀጠሮ አላቸው መሰለኝ። መንገዳችን ስለሆነ በዚያው እናደርሳቸዋለን።

ፀጉር ቆራጩ፦ መንገዱን ያውቁታል?

ጋሽ ምክሩ፦ ዝም ብሎ ወደ ፊት ነው አለኝ። ይቺን መለዋወጫ ያዝልኝ፤ ሁለት ቁልፍ ያምታታኛል።

[ቁልፏን መስታወቱ ሥር አስቀምጠው፣ ትራሱን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሞተር ተነሣ። መኪናው ዘለለ፣ ጠፋ። እንደገና ተነሣ፣ ዘለለ፣ ጠፋ። «በግራ፣ በግራ እግርዎ» የሚል ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ እየተንገጫገጨ ሄደ፤ የደንበኛው ጨርቅ ጫፍ በመኪናው በር ተይዞ ወደ ውጭ ይውለበለባል። ፀጉር ቆራጩ መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ አየ። ፎጣውን ከፊቱ አወረደ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ስልኩን አነሣ።]

ፀጉር ቆራጩ፦ [በስልክ] ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ሄዱ... ሁለቱም። በአንድ መኪና... ኧረ ማንም አልተቀየመም። ወንድምሽ እንደውም አዝነውልኝ ነው የሄዱት። አርብን ራሳቸው ጨመሩ... አዎ፣ እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት። ቅዳሜ ስላጨው ነገርኩት። «ምትክ አለኝ፤ ግን ይማሩ ካሏቸው አይገቡም፣ ያማክሩኝ ይበሏቸው» አልኩት... እጄ? አልተንቀጠቀጠም። እኔም ገርሞኛል... የቁም ሣጥኑ ቁልፍም ተገኘ... ለሴትዮዋ ነገ በጠዋት እመጣለሁ በያት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ አንዳንዴ ዝም ትላለች?... አይ፣ ምንም አይደል፤ ሁለት አስተማሪ ባንድ ቀን ስላሰናበትኩ ነው፣ ጆሮዬ ይረፍ ብዬ።

[ስልኩን ዘጋ። ሱቁ ጸጥ አለ፤ የመስታወቱ አምፖል ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር፣ ለካስ ሁሌም ያጉረመርም ኖሯል። በሩ ገርበብ አለ። ያ ፀጉሩ ጆሮውን የሸፈነው ጎልማሳ አንገቱን አስገባ።]

ደንበኛው፦ ሄዱ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ሄዱ። ግባ።

[ጎልማሳው ወደ ውጭ ዞሮ በእጁ ጠቀሰ። ጎን ባለው ሱቅ ጥላ ሥር ተጠግተው ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ አግዳሚው ሞላ፣ የተረፈው ቆመ። ጎልማሳው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ገና አላመነም፣ በመስታወቱ ውስጥ በሩን ያያል።]

ደንበኛው፦ ቶሎ ይመለሱ ይሆን?

ፀጉር ቆራጩ፦ [ንጹሕ ጨርቅ እያራገፈ] አይመስለኝም። ያ አስተማሪ ወደ ኋላ መንዳት አያስተምርም።